ለካውያ ማን ይፈርማል?

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ነርሶች ናቸው። ግማሹ ከሥራዋ የመጣ ነው፤ በልብስ እጥበት ክፍሉ ትልቁን የመተኮሻ ማሽን የምትይዘው እሷ ነች። ግማሹ ደግሞ ከአመሏ ነው። የተጨማደደ ነገር አትወድም፤ ጨርቅም ይሁን የሰው ወሬ። ያገለገለ መርፌ በአንሶላ ጠቅልሎ የላከ ሰው፣ ዶክተርም ቢሆን፣ እታች ድረስ ወርዶ ይቅርታ ሳይጠይቅ ንጹሕ ጋውን ከእጇ አያገኝም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆና ሠርታለች፤ ደፍሮ የከሰሳትም የለም።

የሆስፒታሉን በሽተኛ ሁሉ በአንሶላው ታውቀዋለች፤ በተለይ ከግቢው ጫፍ ካለው የሱስ ማገገሚያ የሚመጣውን። አሥራ አራት አልጋ ነው፣ ሁሉም የወንድ። አዲስ የገባ ሰው አንሶላ በመጀመሪያው ሳምንት በላብ ርሶ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይዞ ይወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ይለቃል። ካውያ አንሶላውን አገላብጣ ታይና ለሥራ ባልደረባዋ፣ «አልጋ ሰባት ድኗል፤ ሚስቱን ለመጨቅጨቅ የሚበቃ ጤና አግኝቷል» ትላለች። ከሐኪሙ ቀድማ የምታውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

የታላቅ ወንድሟንም አንሶላ አጥባለች። ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ጠጥቶ መኪናውን ከነጭነቱ የሰው አጥር ላይ ሰቀለው፤ ሚስቱም ሁለቱን ልጆች ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። ታዲያ ቤተሰቡ ምን አለ? «ጭንቀት ነው» አለ። «መንገዱ፣ ብቸኝነቱ፣ ኃላፊነቱ» አለ። እናታቸው ለመጣው ለሄደው ሁሉ፣ «ልጄ ታሟል፤ ሐኪሞቹም በሽታ ነው ብለዋል» እያሉ ሲያስረዱ ሰነበቱ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ጠበቀለት። ማገገሚያው ሲገባ ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሱ ሳብ አድርጎ፣ «ምን አጋጥሞዎት ነው? ሥራው በዛብዎት?» ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ አለቀሰ፤ ዶክተሩም አዘነለት። ደግ አደረገ። የታመመ ሰው ቢታዘንለት ነውር የለውም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እንደርስበታለን።

በማገገሚያው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቤተሰብ ስብሰባ አለ። ታካሚዎቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ የቤተሰብ ሰው ይቀመጣል። ለሾፌሩ ማን ይቀመጥለት? ሚስቱ አኩርፋለች፤ እናታቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ካውያ ሽርጧን ፈትታ፣ በሳሙና የነጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አሥራ ሁለት ሐሙስ ተቀመጠችለት። አንዱንም አላጓደለችም። እሱ ሲያለቅስ መሐረብ አቀበለች፤ እሱ የረሳውን ትምህርት በልጇ ደብተር ጻፈችለት። በመጨረሻው ሐሙስ ዶክተሩ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ይህቺን እህት ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ታካሚ አይወድቅም» አለ። ተጨበጨበላት። ዶክተሩ በዚያው ወር ደንብ አወጣ፤ ማንኛውም ታካሚ ሐሙስ ሐሙስ የሚቀመጥለትና የሚፈርምለት የቤተሰብ አባል ይኑረው፣ አራት ሐሙስ በተከታታይ ሰው ያልመጣለት አልጋውን ይልቀቅ የሚል። ደንቡ የተወለደው ከእሷ ነው ማለት ይቻላል። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ዛሬ ሲታወሳት የሚያንገበግባትም ያ ደስታዋ ነው።

ምክንያቱም ያኔ እሷ ራሷ መጠጣት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ከረሜላ በምላሷ ሥር ይዛ ነው። ዶክተሩ፣ «እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ሳይቀመስ ሥራ አልጀመር ሲል፣ ሰው መደበቅ ሲጀምር» እያለ ምልክቶቹን ሲዘረዝር፣ በወንድሟ ስም ስትጽፍ የነበረው የራሷን ነው። ማንም አልጠረጠራትም። ጠርጣሪ ከየት ይመጣል? የበረኪና ሽታ የማይሸፍነው ነገር የለም፤ ደግሞስ ሰው ሁሉ የሚያየው ሾፌሩን ነው።

ለምን ጀመረች ለሚል፣ ባሏ ሌላ አገር ሥራ አገኘሁ፣ እንደረጋሁ እወስዳችኋለሁ ብሎ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ያኔ ልጇ አምስት ዓመቷ ነበር። ካውያ መጀመሪያ ለእንቅልፍ ብላ አንዲት መለኪያ ቀመሰች፤ ቀጥሎ ለመነሳት፣ ቀጥሎ ደግሞ ላለመንቀጥቀጥ። ወንድ ሲጠጣ ጓደኛ አለው፣ ጨዋታ አለው፣ ወድቆ ሲገኝ ደግፎ ቤቱ የሚያደርሰው አለው። እሷ የምትጠጣው ማድረቂያ ክፍል ውስጥ፣ ቆማ፣ የስታርች ጠርሙስ ከሚመስል ጠርሙስ፣ በሩን በእግሯ ደግፋ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ብርጭቆ አጋጭታ አታውቅም።

የተጋለጠችው በልጇ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቀጥታ ወደ እጥበት ክፍሉ ነው የምትመጣው። አንድ ቀን እናቷን አንሶላ ክምር ላይ ተዘርራ አገኘቻት። ጠራቻት፤ መልስ የለም። ነቀነቀቻት፤ መልስ የለም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ያልታጠፉትን አንሶላዎች ጠርዝ ለጠርዝ እያገናኘች አጥፋ ጨረሰች፤ የእናቷ ሥራ ተጓድሎ እንዳይገኝ ብላ ነው። ከዚያ ወደ አያቷ ቤት ሮጠች።

በማግስቱ ካውያ እናቷ ሳሎን ውስጥ ቀረበች። እናቷ ሶፋው ላይ፣ ወንድሟ ከጎናቸው ነበሩ።

«በእኛ ዘር ሴት ሰካራም ኖሮ አያውቅም» አሉ እናቷ። «ምን ጎደለብሽ? ልጅ አለሽ፣ ሥራ አለሽ።»

«እማዬ፣ ወንድም ጋሼ ሲጠጣ በሽታ ነው ብላችሁ ነበር።»

«እሱ የሥራው ጫና ነው። ያንቺ ብልግና ነው።»

 ሾፌሩ አራት ዓመት ሙሉ አልቀመሰም፤ ይህን ማንም አይነፍገውም። ነገር ግን የዳነ ሰው አንዳንዴ የታመመበትን ቀን ይረሳዋል። «ልጅቷ እኔ ጋ ትግባ» አለ። «እዚህ ነገር ውስጥ ማደግ የለባትም። እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ካልተውሽ እወስዳታለሁ። ደግሞ ነገሩን በጸጥታ አድርጊው፤ በራስሽ ተዪው። ማገገሚያ ምናምን ብለሽ ስማችንን አደባባይ እንዳታወጪ።»

የእሱ ልጆች አባታቸው ደረጃ ላይ ወድቆ አይተዋል፤ ሸሚዙ ላይ ሲያስመልስ አይተዋል። ያኔ «ልጆቹን ከአባታቸው እንውሰድ» ያለ ሰው ነበር? አንድም አልነበረም። ይህን ልትለው አፏ ድረስ መጣ፤ ግን የልጇ ነገር ሆነና ምላሷን ዋጠች። «እሺ ወንድም ጋሼ» ብላ ወጣች።

ተወችውም። በራሷ፣ በጸጥታ፣ እንደታዘዘችው። በሁለተኛው ቀን ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ወለሉ ከእግሯ ሥር የሚሸሽ መሰላት። መተኮሻው ማሽን ላይ ተደገፈችና ክንዷ ከክርኗ በታች ተላጠ። በፋሻ አስራ ሥራዋን ቀጠለች፤ የማገገሚያውን ንጹሕ አንሶላ በጋሪ እየገፋች ወሰደች።

አንሶላውን የተረከበቻት ሲስተር ለክፍሉ አዲስ ናት፤ ከመጣች ወር አልሞላትም። ፋሻውን አየች፣ እጇን አየች፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ላብ አየች። ትጠጫለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«ካቆምሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለቻት።

ካውያ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበርና እውነቱ አመለጣት። «ሁለት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በአንዴ ብቻውን ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ይህን የነገረሽ የለም?»

የነገራትስ አለ፤ ዶክተሩ በሦስተኛው ሐሙስ ተናግሮታል፣ እሷም ለወንድሟ ብላ ጽፋዋለች። ለራሷ ይሠራል ብላ ግን አላሰበችውም። 

ሲስተር መዝገብ አወጣች። «ልንቀበልሽ ይገባል። ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። በወረቀቱ ላይ የሴቶች ክፍል አለን፤ ክፍል ዘጠኝ፣ አራት አልጋ። በየዓመቱ ሪፖርት ይደረጋል፤ 'ሴት አመልካች አልቀረበም' ይላል። እኔ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ክፍል ዘጠኝን ፈልጌ አጣሁት። ከስምንት ቀጥሎ ያለው በር የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉን የያዘ ሰው አላገኘሁም።»

ካውያ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከስምንት ቀጥሎ ያለውን በር ቁልፍ ዘጠኝ ዓመት ይዛው ኖራለች። የማገገሚያው የትርፍ አንሶላ መጋዘን ነው ተብሎ የተሰጣት። በሩን ከፈቱት። መደርደሪያ፣ የታጠፈ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ። አንሶላው የተከመረበት ከፍ ያለ ነገር መደብ ይመስላት ነበር፤ ሲስተር ጫፉን ገለጥ ስታደርገው የብረት አልጋ ሆኖ ተገኘ። አራት አልጋ፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየገባች፣ የራሷ መታከሚያ ላይ የወንዶቹን አንሶላ ስትደረድር ኖራለች። ጉድ እኮ ነው። ሴት አመልካች አልቀረበም ይላሉ፤ የትኛው በር ላይ ቀርባ ታመልክት? ስንቷ ሴት እስከዚያ ኮሪደር መጥታ፣ አሥራ አራት ወንድ አይታ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ተመልሳ ይሆን? እሱን የሚጽፍ ሪፖርት የለም።

ዶክተሩ ፊት ቀረበች። ወንበሩን ወደ እሷ አልሳበም። ወንድሟን «እርስዎ» ሲል የነበረው ሰው እሷን «አንቺ» አላት፤ በሱም አልከፋትም፣ ለምዳዋለች። የከፋት ጥያቄው ነው።

«ልጅ እያለሽ እንዴት አስቻለሽ?»

 የደም ምርመራዋ ሲመጣ ጉበቷ ሃያ ዓመት ከጠጡት ወንዶች አይሻልም። ሲስተር ወረቀቱን እያየች፣ «የሴት ሰውነት ቶሎ ነው የሚጎዳው፤ ትንሽ ጠጥታ፣ ባጭር ጊዜ» አለች። ዶክተሩም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ታዲያ ቶሎ የሚጎዳው ቶሎ ሊታከም አይገባም? ይህን ያውቃሉ፣ ያስተምሩታል፣ አልጋዋን ግን አንሶላ አልብሰው ቆልፈውባታል።

ተቀበሏት። ዶክተሩ አንድ ነገር አስጠነቀቀ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። አራት ሐሙስ ሰው ካልመጣልሽ አልጋው ለሌላ ይሆናል።»

ከመግባቷ በፊት ወንድሟን ፍለጋ ጋራዥ ሄደች። ሾፌሩ የመኪናውን አፍ ከፍቶ ዘይት እያየ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ተቀምጠህ ፈርመህ መሄድ ነው።»

«በጸጥታ አድርጊው አላልኩሽም?»

«በጸጥታ ሞክሬው ነው ክንዴ የተላጠው። ብቻዬን ከሆነ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ ደግሞ ልጄን ትወስዳታለህ። ሌላ ሰው የለኝም።»

«እዚያ የሚቀመጡት ያውቁኛል። ሰው ምን ይላል?»

«አንተ ስትገባ ሰው ምን አለ?»

ሾፌሩ የዘይቱን መለኪያ በጨርቅ ጠረገው። «እኔ ወንድ ነኝ» አለ። ሳይቆጣ፣ ሳያፍር፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። 

ልጅቷን ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ወሰደቻት። በመጀመሪያው ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ዘግታ፣ ልጅቷንም ይዛ መጣች። የፊርማው ወረቀት ሲደርሳት ዝምድና በሚለው ረድፍ «ጎረቤት» ብላ ጻፈች፤ ቅን ሰው ናት፣ መዋሸት አታውቅም። ዶክተሩ ወረቀቱን መለሰላት። «የቤተሰብ አባል ነው የሚለው» አላት። ልጅቷ እስክሪብቶውን ያዘችና፣ «እኔ ልጇ ነኝ፤ እኔ ልፈርም» አለች። ልጅ አይፈቀድም ተባለች። ሁለቱም ከበሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። በወረቀቱ ላይ የካውያ ረድፍ ባዶ ሆነ፤ አንድ ሐሙስ ተቆጠረባት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። በአራት አልጋ ክፍል ውስጥ ብቻዋን፣ ዙሪያዋን ገና ያልወጣ የአንሶላ መደርደሪያ፣ ቀንም ሌሊትም በላብ እየራሰች። ከሁሉ ያሳፈራት የራሷ አንሶላ እታች መውረዱ ነው። የሚያጥበው ሰው ምን እንደሚያነብበት ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? በሁለተኛው ሳምንት ግን ባልደረባዋ በጋሪው ላይ ብጣሽ ወረቀት ላከችላት። «ክፍል ዘጠኝ አልጋ አንድ፣ ሽታው እየለቀቀ ነው» ይላል። ካውያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ትምህርቱም ቢሆን ለእሷ የተሰፋ አልነበረም። አስተማሪው፣ «ሚስቶቻችሁን ይቅርታ ጠይቁ» ይላል። «ደሞዛችሁን ቤት አግቡ፣ እጃችሁን አታንሱ» ይላል። ካውያ ያነሳችው እጅ የለም፤ ያልገባ ደሞዝም የላትም። አንድ ቀን ለሚስቶቻችሁ ደብዳቤ ጻፉ ተባለ። አሥራ አራቱ ወንዶች አጎንብሰው ሲጽፉ እሷ እጇን አወጣች።

«ሚስት የሌለን ምን እናድርግ?»

ወንዶቹ ሳቁ። አስተማሪው ግን ገባውና ፊቱ ቀላ። ስለ ተደበቀ ጠርሙስ፣ ስለ ከረሜላ፣ ልጄን ይነጥቁኛል ብሎ ሐኪም ስለመፍራት በዚያ ክፍል ያስተማረ የለም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ሁለተኛው ሐሙስ መጣ፤ ረድፏ ባዶ። ሦስተኛውም እንዲሁ። በግማሽ ክቡ ውስጥ ከወንዶቹ ጎን የተቀመጡትን ትቆጥር ነበር። አሥራ አንዱ ሚስቶች፣ ሁለቱ እናቶች፣ አንዷ እህት ናቸው። አንድም አባት፣ አንድም ወንድም የለም። ወንዱን ሴት ታስታምመዋለች፤ ሴቷን ማን እንደሚያስታምማት ደንቡን ያወጣው ሰው አላሰበውም። እሷን አይቶ ነው ያወጣው፤ እሷም አንድ ቀን ትታመማለች ብሎ ግን አልገመተም።

ከሷ ቀጥሎ የምትቀመጠው የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ናት፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ ሴት፣ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ። ባሏ ማገገሚያው ሲገባ ይህ ሦስተኛው ነው። ሦስት ሐሙስ ሙሉ ከካውያ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር በቆረጣ ስታይ ቆይታለች።

አራተኛው ሐሙስ ላይ ዶክተሩ፣ «ዛሬ እንግዳ አለን» አለ። «ከዚህ ክፍል ወጥቶ አራት ዓመት የጸና አርአያችን ነው። ልምዱን ያካፍላችኋል።» በሩ ተከፈተ፤ ሾፌሩ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ።

 መጣልኝ አለች ካውያ በሆዷ። ምንም ይበል ምን፣ መጣልኝ።

ሾፌሩ መናገር ይችልበታል። ስለ አጥሩ ተናገረ፣ ሰው ሳቀ። ስለ ልጆቹ ተናገረ፣ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ቤተሰብ ነው» አለ። «በዚያ በጨለማው ጊዜ እናቴ ነበረች፣ ባለቤቴ ነበረች፤ ባይኖሩ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ያለው። ሚስቱ ያኔ ወላጆቿ ቤት ነበረች፤ እናቱ የዚህን ክፍል በር አያውቁትም። አሥራ ሁለቱን ሐሙስ የተቀመጠችው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ናት፤ አላያትም፣ ማለትም ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይናገራል።

ተጨበጨበለት። ከዚያ እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ታካሚ ተነስቶ የመጣለትን ሰው ያስተዋውቅ ጀመር። ሚስቴ፣ እናቴ፣ ሚስቴ። ካውያ ተራዋ ደረሰ። ተነሳች። 

«የእኔ ሰው ያ የቆመው ነው» አለች። «ታላቅ ወንድሜ ነው። ዛሬ ለንግግር ነው የመጣው።»

 ሲስተር ሁለት ወረቀት ይዛ ወደ ሾፌሩ ሄደች፤ አንደኛው የእንግዶች፣ ሁለተኛው የቤተሰብ ነው። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት፣ እስክሪብቶውንም ሰጠችው። «በየትኛውም ይችላሉ» አለችው በለሆሳስ። ሾፌሩ ወረቀቶቹን አየ። ወደ ካውያ አንድ ጊዜ ዓይኑን ላከና መለሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእንግዶቹ ወረቀት ላይ ፈረመ።

«መኪናዬን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት» ብሎ ወጣ።

ዶክተሩ ማህደሯን ገለጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ አክባሪ ነው፣ አንዳንዴ የደንብ አክባሪው ጉዳት ይብሳል። «ይቅርታ፣ አራት ሞልቷል» አላት። «እኛ የቻልነውን አድርገናል።»

«ዶክተር፣ ደንቡን ያወጡት እኔን አይተው ነው» አለች ካውያ። ድምጿ አልተሰበረም፤ እሷ ራሷ ገርሟት ነበር። «'ይህቺን እህት ተመልከቱ' ያሉት እኔን ነው። እኔ እኮ ነኝ። ዛሬ ከዚህ ከወጣሁ ልጄን የሚወስዳት አሁን ያጨበጨባችሁለት ሰው ነው።»

ዶክተሩ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። አስታወሳት፤ ግንባሩ ላይ ታየ። ግን ማህደሩን አልዘጋም።

የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ተነሳች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የቤተሰቡን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች፤ የካውያን ረድፍ በጣቷ ፈልጋ አገኘች። ዝምድና በሚለው ላይ «እህት» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ እህቷ አይደሉም» አለ ዶክተሩ።

«ሚስቱ ነኝ ስል የጋብቻ ወረቀት አልጠየቃችሁኝም። እህቷ ነኝ ስልም አትጠይቁኝ።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን አንድ ሰው ለሁለት ታካሚ መፈረም አይችልም። ለባለቤትዎ ፈርመዋል።»

 ሴትየዋ እስክሪብቶውን አንስታ ከላይ ያለውን የራሷን ፊርማ፣ በባሏ ስም ትይዩ ያለውን፣ በረጅም መስመር ሰረዘችው።

«ሦስት ጊዜ ተቀምጬለታለሁ፤ ይበቃዋል» አለች። ወንበሯን ከባሏ ጎን አንስታ ካውያ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። የካውያን የቆሰለ ክንድ ይዛ ጭኗ ላይ አደረገችው።

 ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ የካውያን ማህደር ዘጋ፣ ባልየውን አየ። «እንግዲህ ለእርስዎ ዛሬ ሰው የለዎትም» አለው።

የቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን አወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ወንድሞቹና አንድ የአጎቱ ልጅ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ሊፈርሙለት እያለከለኩ በር ላይ ደረሱ።